ሻርል ኩሎምብ፤ ያየውን እንዳየው የጻፈ መሐንዲስ

የታኅሣሥና የጥር ወራት ሲገቡ የነጌሌ ቦረና፣ የያቤሎና የሞያሌ አየር እጅግ ይደርቃል። በዚህ ወቅት የናይለን ሹራብ ማታ ሲያወልቁት ይንጣጣል፤ በጨለማም ብልጭ ይላል። ሕፃናት የፕላስቲክ ማበጠሪያ በፀጉራቸው አሽተው ቁርጥራጭ ወረቀት ያስነሡበታል። ዝናቡ ሲገባ ግን ይኸው ጨዋታ እምብዛም አይሳካም። ወረቀቱን የሚያነሣውን ኃይል ለክቶ ለዓለም ያሳወቀ፣ እርጥበት የሚያደርስበትንም ጉዳት የመረመረ ሰው ሻርል ኦጉስተን ኩሎምብ ነው።

ኩሎምብ በጁን 14 ቀን 1736 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር በአንጉሌም ከተማ ተወለደ። እናቱ ሐኪም እንዲሆን ቢመኙም እርሱ ሒሳብን መረጠ፤ በዚህም ምክንያት ከእናቱ ጋር ተቃቃረ። በ1760 ወደ ሜዚዬር የጦር መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ገባ። በ1764 ወደ ማርቲኒክ ደሴት ተልኮ ቡርቦን የተባለውን ምሽግ ሲያሠራ ስምንት ዓመት ቈየ። የደሴቲቱ በሽታ ደጋግሞ ጣለው፤ በ1772 ወደ አገሩ ሲመለስ ጤናው ዳግመኛ እንደ ቀድሞው ሊሆን አልቻለም።

ከዚያ በኋላ ግን አእምሮው አላረፈም። በ1777 ስለ ኮምፓስ መርፌ ባቀረበው ጥናት የፓሪስን የሳይንስ አካዳሚ ሽልማት ተካፈለ፤ በ1781 ደግሞ ስለ ሰበቃ በጻፈው ተሸልሞ የአካዳሚው አባል ሆነ። በ1783 በብሪታኒ ግዛት የታሰበውን የውኃ መንገድ ሥራ እንዲመረምር ታዘዘ፤ ወጪው ከጥቅሙ እንደሚበልጥ በግልጽ ተናገረ። አለቆቹ ተቈጥተው ለጥቂት ቀናት አሰሩት፤ እርሱ ግን አሳቡን አልለወጠም።

እ.ኤ.አ. በ1785 ያቀረበው መሣሪያ ስሙን አስጠራ። በመስተዋት ዕቃ ውስጥ እጅግ የቀጠነ የብር ሽቦ ቁልቁል ተንጠልጥሏል፤ በሽቦው ጫፍ አግድም ቀጭን ዘንግ፣ በዘንጉም ጫፍ ቀላል ኳስ አለች። በአጠገብዋ ሌላ ኳስ ተተክላለች። ሁለቱ ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል፣ ማለት ተማሪዎች ቻርጅ የሚሉት፣ ሲሰጣቸው ይገፋፋሉ፤ ተንጠልጣይዋም እየሸሸች ሽቦውን ትጠመዝዛለች። የጥምዘዛው መጠን የኃይሉ ልክ ነው። ኳሶቹ 36 ዲግሪ ተራርቀው ሳሉ ጥምዘዛው 36 ዲግሪ ነበር፤ ወደ 18 ዲግሪ ለማቀራረብ ግን 144 ዲግሪ አስፈለገ። ርቀቱ በግማሽ ሲያንስ ኃይሉ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ካቨንዲሽ ይህንኑ ሕግ ቀደም ብሎ ደርሶበት ነበር፤ ነገር ግን ሳያሳትመው ቀረ።

ተቃራኒ ሙሎችን በዚህ መንገድ መለካት አስቸጋሪ ነበር፤ ኳሶቹ ሲቀራረቡ ስበቱ ስለሚበረታ ፍጥነታቸው እየጨመረ ሄደው ይነካካሉና። ስለዚህ ኩሎምብ ኃይሉን ከእንቅስቃሴው ሊያውቅ አሰበ። ሙል ባለው ትልቅ ሉል ፊት ተቃራኒ ሙል የያዘች ትንሽ ክብ ዝርግ በሐር ክር በተንጠለጠለ ዘንግ ላይ አድርጎ አወዛወዛት። ስበቱ ሲደክም ውዝዋዜው ይዘገያል። 15 ጊዜ ለመወዛወዝ ከሉሉ መካከል በ9 ኢንች ርቀት 20 ሴኮንድ፣ በ18 ኢንች 41 ሴኮንድ፣ በ24 ኢንች 60 ሴኮንድ ፈጀባት። እንደ ሕጉ የመጨረሻው ወደ 54 ሴኮንድ ሊሆን ይገባው ነበር። ኩሎምብ ግን 60 ብሎ እንዳየው ጻፈ፤ ምክንያቱንም ፈለገ። የኤሌክትሪኩ ሙል በአየር ውስጥ ጥቂት በጥቂት እንደሚጠፋ፣ እርጥበት በበዛበት ቀንም ጥፋቱ እንደሚፈጥን አሳየ። የማበጠሪያው ጨዋታ በዝናብ ወራት የሚከሽፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

የፈረንሳይ አብዮት በተነሣ ጊዜ ከመንግሥት ሥራ ለቀቀ፤ አካዳሚው በ1793 ሲዘጋም በብሉዋ አቅራቢያ ወዳለው ርስቱ ሄዶ ተቀመጠ። በኋላ ወደ ፓሪስ ተመልሶ ከ1802 ጀምሮ የሕዝብ ትምህርት ተቆጣጣሪ ሆነ፤ በኦገስት 23 ቀን 1806 ዐረፈ። በ1881 የኤሌክትሪክ ሙል መለኪያ በስሙ ኩሎምብ ተባለ።

በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የተገኘው ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር አልገጥም ሲል፣ ቁጥሩን ደልዞ ማስተካከል ተማሪን ሁሉ የሚፈትን ነገር ነው። ኩሎምብ 60ውን በ54 ለውጦት ቢሆን ኖሮ ሕጉ ይቀርለት ነበር፤ አየሩ የሚሰርቀውን ግን ባላወቀ ነበር። በብሪታኒው ጉዳይ ወህኒ ያስገባው ጠባይና በቤተ ሙከራው ያስከበረው ጠባይ አንድ ነበር።