ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ

ይህ ትምህርት ቤታችን የቆመበት የነፋስ ስልክ ምድር በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከከተማው ውጭ የነበረ የእርሻ አገር ነው። በዚያ ዘመን በእንዲህ ያለ ስፍራ ያረሰ ገበሬ ያፈራውን እህል ከወሳጅ የሚያድንለት ምን ነበረ? የክንዱ ብርታት እንዳንል ከእርሱ የሚበረታ ይመጣበታል። ይህን ነገር በአማርኛ አስፍተው ከመረመሩት ከቀደሙት ሰዎች አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በዓድዋ አገር ተወለዱ። አባታቸው በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ወደቁ። ልጁም ገና በሕፃንነቱ ከአገሩ ወጥቶ በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ወደነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነው ተረት ይመስላል፤ ከወደቡ ቆሞ በነበረ በጀርመን መርከብ ውስጥ ተሸሽጎ ባሕር ተሻገረ። አንድ የኦስትርያ ቤተ ሰብ ተቀብሎ አሳደገው፤ በበርሊንም ሕክምና ተማረ። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠርን ተማሪዎች ስለ ሆንን ይህን ስናነብ ልባችን ይነካል።

ወደ አገራቸው ተመልሰው በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አገለገሉ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1912 ስለ ዐፄ ምኒልክና ስለ ኢትዮጵያ የጻፉት በአሥመራ ታተመ። በዚሁ ጽሑፍ የንጉሡ ሀብት ከመንግሥት ገንዘብ እንዲለይ፥ ግብር በየሰው ሀብት መጠን ተወስኖ በገንዘብ እንዲከፈል፥ ሕግ እንዲጻፍ፥ ሰውም በሃይማኖቱ እንዳይገደድ አሳሰቡ።

እነዚህ አሳቦች የሒሳብ ሰው አሳቦች ብቻ ሊመስሉ ይችላሉ። ነገሩ ግን ጠለቅ ያለ ነው። ወታደር ደመወዝ ስለሌለው ከባላገር ቤት እየገባ ይበላ ነበር። ነገ ምን ያህል እንደሚወሰድበት የማያውቅ ገበሬ ደግሞ ከአፉ የሚተርፍ አይዘራም፤ ቢዘራም ለሌላ ነው። ግብሩ በጽሑፍ ከተወሰነ ግን ከዚያ በላይ ለሚጠይቀው አይገባህም ለማለት መነሻ ያገኛል። ስለዚህ የሰው ነጻነት በአለቃው ርኅራኄ ላይ ሳይሆን በታሰበበትና በተቈጠረ ሥርዓት ላይ ይቆማል ማለት ነው። ገብረ ሕይወት ዕውቀት የሌለው መንግሥት ሕዝቡን ማደኽየቱ፥ በኋላም ራሱ ለባዕድ መውደቁ አይቀርም ብለው ያምኑ ነበር።

እኔን አንድ ነገር ይከብደኛል። ይህን ሁሉ እንዲፈጽም ተስፋ ያደረጉት ዐዋቂ ንጉሥን ነው። ንጉሡ አእምሮውን ባይከተልስ ማን ይመልሰዋል? የቤተ መንግሥቱን ነገር ከቅርብ ያዩ ሰው ይህን ጥያቄ እስከ መጨረሻ አለመግፋታቸው ያስደንቀኛል። ምናልባት ለዚያ ዘመን ገንዘቡን ከንጉሡ እጅ መለየቱ ራሱ ታላቅ ድፍረት ነበር።

በኋላ የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም፥ ነጋድራስ፥ ሆኑ። በ1911 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ዕድሜያቸው ከ33 ዓመት ብዙ አልራቀም። ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ አስተዳደር የጻፉት ዋናው መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። መሬቱን ለም፥ መካከለኛና ጠፍ ብሎ ለይቶ ግብሩን በገንዘብ የቈረጠው አዋጅ ደግሞ በ1934 ዓ.ም. ወጣ፤ ለለም መሬት በአንድ ጋሻ 15 ብር ተወሰነ።