ሴሌስታን ፍሬኔና የዝውውሩ ትእዛዝ

ሴሌስታን ፍሬኔ በ1896 እ.ኤ.አ. በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኝ ተራራማ የገበሬ መንደር ተወለደ። የመምህርነት ሥልጠናውን ሳይፈጽም የአንደኛው የዓለም ጦርነት ደረሰበትና በ1917 ሳንባውን ቆሰለ። በ1920 ባር ሱር ሉ በተባለች አነስተኛ ከተማ ማስተማር ሲጀምር፣ ለረጅም ሰዓት ቆሞ መናገር ትንፋሹን ያሳጥረው ነበር። ስለዚህ ተማሪዎቹን ወደ መስክ፣ ወደ ሸማኔውና ወደ አናጢው ቤት ይዞ ይወጣ ጀመር።

በ1924 አንዲት ትንሽ የእጅ ማተሚያ ወደ ክፍሉ አስገባ። ልጆቹ ያዩትን ይጽፋሉ፤ ከተጻፈው የተሻለውን መርጠው የእርሳስ ፊደላትን አንድ በአንድ እየለቀሙ ያትማሉ፤ የታተመውም የንባብ መጽሐፋቸው ይሆናል። ቅጂው በብሪታኝ ወደሚያስተምረው ባልደረባው ወደ ሬኔ ዳንኤል ተማሪዎች በፖስታ ይላካል፤ የባሕር ዳር ልጆችም ስለ አገራቸው ጽፈው ይመልሳሉ። እንዲህ ያለው ትምህርት የተመሠረተው መምህሩ ከሠፈሩ ጋር ባለው ትውውቅ ላይ ነው። ቁልፍና መዝገብ ለተተኪ ማስረከብ ቀላል ነው፤ ይህን ግን ማስረከብ አይቻልም።

ፍሬኔ በ1928 ወደ ሴን ፖል ተሻገረ። ትምህርት ቤቱ የተጎሳቆለ ነበር፤ እንዲታደስ አጥብቆ በመጠየቁም ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ተቃቃረ። በ1932 መጨረሻ አንድ ተማሪ በሕልሙ ከንቲባውን መግደሉን የጻፈበት የታተመ ጽሑፍ በጠላቶቹ እጅ ገብቶ በከተማው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ነገሩ እስከ ፓሪስ ጋዜጦች ደረሰ፤ አንዳንድ ወላጆች ልጆቻቸውን አስቀሩ፤ በ1933 የጸደይ ወራትም የተቆጣ ሕዝብ የትምህርት ቤቱን በር ከበበ። በዚያው ዓመት ፍሬኔ ያለ ፈቃዱ ወደ ባር ሱር ሉ እንዲዛወር ታዘዘ።

በፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች ማተሚያን የሚከለክል ሕግ አልወጣም፤ ሊወጣም አላስፈለገም። መምህሩን ከሥፍራው ማንሣት ለሴን ፖል ልጆች ያንኑ ያህል ውጤት ነበረው። በሌላው ወገን ግን ትእዛዙ ዘግይቷል፤ መምህራኑ ቀደም ብለው በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ስለ ነበር ማተሚያው በብዙ መንደሮች መሥራቱን ቀጠለ። ሹማምንቱ ይህን ያሰቡበት አይመስልም።

ፍሬኔ ዝውውሩን ሳይቀበል ቀረ፤ ከባለቤቱ ከኤሊዝ ጋርም በ1935 በቫንስ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ከ1937 ጀምሮ ከእርስ በርስ ጦርነት የሸሹ የስፔን ሕፃናትን አስጠጋ። በ1940 ታስሮ በሚቀጥለው ዓመት ተፈታ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትምህርት ቤቱን ዳግም ከፍቶ፣ በ1966 በዚያው በቫንስ አረፈ። የፈረንሳይ መንግሥት በ1991 ያንን ትምህርት ቤት ገዝቶ የሕዝብ ትምህርት ቤት አደረገው።