ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ እስከ መጨረሻው አማተር

በዛሬው ጊዜ በቧንቧ ውሃም ሆነ በኮምቦልቻ እግሩ ፈጣን የሆነ ወጣት ሁሉ አንድ ነገር ማሰቡ አይቀርም፤ ይኸውም ደመወዝ ወደሚከፍል ክለብ የሚገባው ትምህርቱን ጨርሶ ነው ወይስ አቋርጦ የሚለው ነው። በሻምበል አበበ ቢቂላ ዘመን ግን ምርጫው ከዚህ የከበደ ነበር። በሩጫው ገንዘብ የተቀበለ ሰው ከኦሎምፒክ ይወጣ ነበርና። ስለዚህ የዚህን ዝነኛ ሰው ሕይወት በዚህ በኩል ልንመለከተው ወደድን።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። በዚያው ዕለት በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሎምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። ዘጠኝ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘው ፊንላንዳዊው ፓቮ ኑርሚ ያን ማራቶን ለመሮጥ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ለጉዞ ወጪ ከሚገባው በላይ ገንዘብ ተቀብሏል ተብሎ ስለ ተከለከለ ሳይሰለፍ ቀረ። እንግዲህ አበበ ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ደንቡ ምን ያህል ጨካኝ እንደ ሆነ በዚያው ቀን ታይቶ ነበር።

በልጅነቱ ከብት ጠብቋል፤ ገናም ተጫውቷል። ካደገ በኋላ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ወታደር ሆነ። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ያገኘውም በዚያ ነው። እንጀራው የወታደር ደመወዝ ነበር፤ ሩጫው ግን በሕግ ፊት ያለ ክፍያ የሚደረግ ስፖርት ነበር።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ እኛ አገር የዘመን መለወጫ ዋዜማ ሲሆን፣ በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጠ። በዚያን ጊዜ ገና በሮማ ቆሞ በነበረው በአክሱም ሐውልት አጠገብ ፍጥነቱን ጨምሮ ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎት ሄደ፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድም ጨረሰ። በ1955 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ማራቶን 5ኛ ወጣ። በቦስተን ያን ጊዜ አንደኛ ለወጣው እንኳ የገንዘብ ሽልማት አልነበረም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ አርባ ቀን ሳይሞላው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸነፈ። ሁለተኛው ሯጭ እስኪደርስ ድረስ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ማዕረጉ በየጊዜው ከፍ እያለ እስከ ሻምበልነት ደረሰ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ቮልስዋገን መኪና ሰጡት።

ያን ጊዜ ዕድሜው 32 ዓመት ነበር። በገንዘብ የሚሮጥ ማራቶን እንደ ዛሬው አልበዛም፤ ነገር ግን ይህን ያህል ስም ያለው ሰው ስሙን ለነጋዴ አከራይቶ ሊያተርፍ ይችል ነበር። ዋጋው ሜክሲኮን መተው ነው። እዚህ ላይ አንድ ባለ ጎልፍ ትዝ ይለናል። (ጎልፍ እንደ ገና በዱላ ኳስ የሚመታበት ጨዋታ ነው፤ ግን ሩጫም ግፊያም የለበትም።) አሜሪካዊው ቦቢ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1930 በአንድ ዓመት ውስጥ አራቱን ታላላቅ ውድድሮች አሸንፎ በ28 ዓመቱ ከውድድር ተሰናበተ፤ ከዚያ በኋላ ጎልፍ የሚያስተምሩ ፊልሞች ሠርቶ ገንዘብ አገኘ። የሚያሸንፈው ሲያልቅ ገንዘቡን ተቀበለ ማለት ነው። ነገር ግን ጆንስ የጠበቃ ልጅና ራሱም ጠበቃ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ መጠበቅ አልቸገረውም። የአማተርነት ደንብ የተሠራው እንዲህ ላለው ሰው ይመስለናል። የከብት ጠባቂው ልጅ አበበ አማተር ሆኖ ሊቆይ የቻለው ሠራዊቱ ስላበላው ነው እንጂ ደንቡ ስላሰበለት አይደለም። ይህን ስንል ክብሩን መቀነሳችን አይደለም፤ እንዲያውም ሦስተኛ ወርቅ ፍለጋ መቆየቱ ያስገርመናል።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ እግሩን እያመመው ተሰለፈ። 17 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሮጠ አቋረጠ፤ ጓደኛው ማሞ ወልዴ አሸነፈ። ከአምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን፣ በሌሊት ሲነዳ መኪናው ተገልብጦ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተላከ፤ በዚያም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት በመወርወር ተወዳደረ። ቀጥሎም በኖርዌይ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ውድድር አሸነፈ። ያንን ደግሞ ያስገደደው ማንም አልነበረም።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ፤ በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ተቀበረ። የአማተርነት ደንብ የላላው ከዚያ በኋላ ነው። የቦስተን ማራቶን ለአሸናፊዎች ገንዘብ መስጠት የጀመረው በ1978 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያን ጊዜ አበበ ከሞተ 12 ዓመት አልፎት ነበር።