ግላዲስ ዲከን፤ አፍንጫዋን በሰም ያስሞላችው ቆንጆ

እንግሊዝ አገር፣ ኦክስፎርድ ከተማ አጠገብ የሚገኘውን ብሌኒም ቤተ መንግሥት የሚጎበኝ ሰው ዋናው መግቢያ ላይ ደርሶ ወደ ጣሪያው ቀና ቢል ትልልቅ ዓይኖች ቁልቁል ያፈጡበታል፡፡ ገሚሶቹ ቡናማ፣ ገሚሶቹ ሰማያዊ ናቸው፡፡ ሰማያዊዎቹ የግላዲስ ዲከን ዓይኖች ናቸው፡፡ በ1928 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኮሊን ጊል የተባለው ሠዓሊ ሲስላቸው፣ ግላዲስ ራሷ መወጣጫው ላይ ወጥታ ቀለሙ ከዓይኗ ጋር አንድ እንዲሆንለት ሰማያዊ የሐር ሻርፕ እንደሰጠችው ይነገራል፡፡ ከፊቷ ሁሉ ተመርጠው ጣሪያ ላይ የወጡት ዓይኖቿ ብቻ መሆናቸው እንዲሁ በአጋጣሚ አይመስለኝም፡፡ ያን ጊዜ የቀረው ፊቷ ከተበላሸ 25 ዓመት ሆኖት ነበር፡፡

ግላዲስ የተወለደችው የካቲት ወር 1881 ፓሪስ ውስጥ ነው፡፡ አባቷ ኤድዋርድ ፓርከር ዲከን የቦስተን ሀብታም፣ እናቷ ፍሎረንስ ባልድዊን የአሜሪካ የባሕር ኃይል አድሚራል ልጅ ነበሩ፡፡ ገንዘብ እንጂ ሰላም የሌለበት ቤት ነበር፡፡ በ1892 ክረምት፣ ግላዲስ 11 ዓመት በሞላት ሰሞን፣ አባቷ ደቡብ ፈረንሳይ ካን ከተማ በሚገኝ ሆቴል የሚስቱን ውሽማ ክፍሏ ውስጥ አገኘው፡፡ በሽጉጥ ተኩሶም ገደለው፡፡ ሟቹ ኤሚል አቤይ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር፡፡ ዲከን አንድ ዓመት ተፈርዶበት ከጥቂት ወራት እስር በኋላ በይቅርታ ተለቀቀ፡፡ ወሬው ግን ከአውሮፓ አልፎ የአሜሪካ ጋዜጦችን አጥለቀለቀ፡፡ የልጆች ማሳደግ ክርክር ተከተለ፤ አባትየው ግላዲስንና ሁለት እህቶቿን ይዞ አሜሪካ ገባ፡፡ በኋላ አእምሮው ታውኮ በ1901 የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ሞተ፡፡

አሜሪካ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለች በ1895 ጋዜጣ ላይ አንድ ዜና አነበበች፡፡ ዘጠነኛው የማርልቦሮ መስፍን የሚሊየነሩን ቫንደርቢልት ልጅ ኮንሱዌሎን ሊያገባ መታጨቱን የሚገልጽ ነበር፡፡ (ማርልቦሮ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ሲጋራውን ነው፤ ሲጋራውም ቢሆን ስሙን ያገኘው በመጀመሪያው መስፍን ስም ከተጠራ የለንደን ጎዳና ነው፡፡) የ14 ዓመቷ ግላዲስ ለእናቷ በጻፈችው ደብዳቤ ዕድሜዋ አልደርስ ብሎ ይህ ሰው ስላመለጣት መቆጨቷን ገለጸች፡፡ የልጅ ቀልድ ይመስላል፡፡ ነገር ግን ከ26 ዓመት በኋላ ይህንኑ ሰው አገባችው፡፡

ወደ አውሮፓ ተመልሳ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ያያት ሁሉ ፈዞ ቀረ፡፡ ትልልቅ ሰማያዊ ዓይኖች፣ ያማረ ቁመና፣ ከዚያ ላይ ደግሞ የሰላ አእምሮ ነበራት፡፡ በርካታ ቋንቋዎች ትናገራለች፤ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ሥዕል ከሊቃውንት ጋር እኩል ትከራከራለች፡፡ ደራሲው ማርሴል ፕሩስት ውበቷንና አስተዋይነቷን አድንቆ አልጠገበም፡፡ ቀራጺው ሮዳን ወዳጇ ነበር፡፡ የሥዕል ሊቁ በርናርድ በረንሰን ልቡ ሸፍቶባት ነበር፤ ፈላስፋው ሄርማን ካይዘርሊንግም እንዲሁ፡፡ በ1901 ብሌኒም ቤተ መንግሥት በእንግድነት ሳለች የጀርመኑ አልጋ ወራሽ ልዑል ቪልሄልም መጣ፡፡ የ19 ዓመቱ ልዑል በጥቂት ቀናት ውስጥ ፍቅር ይዞት ቀለበቱን አውልቆ ሰጣት፡፡ አባቱ ካይዘር ይህን ሲሰሙ ተቆጥተው ቀለበቱ እንዲመለስ አደረጉ፡፡

እንግዲህ ይህች ናት አፍንጫዬ አላማረኝም ያለችው፡፡

እኛ አገር ቆንጆ ሲመሰገን ሰልካካ አፍንጫ ይባላል፡፡ ግላዲስም የፈለገችው ይህንኑ ነው፤ የእሷ ሚዛን ግን የጥንት ግሪኮች ሐውልት ነበር፡፡ በሐውልቶቹ ላይ ግንባርና አፍንጫ ሳይሰበሩ በአንድ መስመር ይወርዳሉ፡፡ የእሷ አፍንጫ ከሁለቱ ዓይኖቿ መካከል፣ ከግንባሯ በታች ትንሽ ገባ ይል ነበር፡፡ ሮም ሙዚየም ሄዳ የሐውልቶቹን አፍንጫና የዓይናቸውን ርቀት እስከ መለካት ደርሳ እንደነበር ተጽፏል፡፡ በ1903 ገደማ፣ ዕድሜዋ 22 ሳለ፣ የገባችውን ቦታ ለመሙላት ፓራፊን በመርፌ ተወጋች፡፡ ፓራፊን ማለት ሻማ የሚሠራበት ሰም ነው፡፡

ዛሬ ይህን ስንሰማ እብደት ይመስለናል፡፡ ለዚያን ጊዜ ሰው ግን አዲስ የሳይንስ ውጤት ነበር፡፡ ነገሩ የተጀመረው በ1899 ቪየና ውስጥ ነው፡፡ ሮበርት ገርሱኒ የተባለ ቀዶ ሐኪም በሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ ምክንያት የዘር ፍሬው የወጣለትን ወጣት ቦታውን በቫዝሊን ሞላለት፡፡ ውጤቱ ያማረ ስለመሰለ ዘዴው በፍጥነት ተዛመተ፡፡ ቫዝሊኑም ሆነ ፓራፊኑ ተሞቆ ሲቀልጥ በመርፌ ይገባል፤ ቆዳ ሥር ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ሐኪሙ ጠጠር ከማለቱ በፊት በጣቱ ቅርጽ ያስይዘዋል፡፡ ቢላዋ የለ፣ ስፌት የለ፣ አልጋ ይዞ መተኛት የለ፡፡ የተሸበሸበውን ለመሙላት፣ የጎበጠውን አፍንጫ ለማቅናት በየከተማው ሰው ይሰለፍ ጀመር፡፡

ችግሩ የታየው ቆይቶ ነው፡፡ ሰውነት ሰሙን ሊያሟሟው አይችልም፤ ሊያስወጣውም አይችልም፡፡ ስለዚህ ከበብ አድርጎ በጠባሳ ሥጋ ያጥረዋል፡፡ ቦታው ይጓጉላል፣ ይቀላል፣ አንዳንዴም ይመግላል፡፡ ሐኪሞች ለዚህ ጉጥ ፓራፊኖማ የሚል ስም እስከ ማውጣት ደረሱ፡፡ ሰሙ በሥጋው ውስጥ ስለሚሠራጭ መልሶ ማውጣት ማለት ሥጋውንም ቆርጦ ማውጣት ነው፡፡ ከዚህ የከፋም አለ፡፡ መርፌው የደም ሥር ካገኘ ሰሙ በደም ተወስዶ ሳንባን ወይም የዓይንን ደም ሥር ይዘጋል፡፡ ግላዲስ በተወጋችበት ዘመን፣ በ1903፣ አፍንጫው ላይ ፓራፊን ተወግቶ የዓይን ብርሃኑን ያጣ ሕመምተኛ ጉዳይ በሕክምና መጽሔት ወጥቶ ነበር፡፡ ግን የውበት ፈላጊውና የሕክምና መጽሔቱ መንገድ መቼ ይገናኝና!

ግላዲስ ዓይኗን አላጣችም፡፡ አፍንጫዋ ግን መጀመሪያ አበጠ፣ ቆሰለ፡፡ ከዚያ ዓመታት እያለፉ ሲሄዱ ሰሙ ቦታውን እየለቀቀ ወደ ታች ወረደ፤ አገጯና የፊቷ የታችኛው ክፍል ጎርበጥባጣ ሆነ፡፡ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው፡፡ የሚያሳዝነው ደግሞ ጉዳቱ አንድ ቀን ደርሶ ያለቀ አለመሆኑ ነው፡፡ ቁስል ይድናል፣ ጠባሳ ይለመዳል፤ የእሷ ፊት ግን በየጊዜው ሲለወጥ አብራው ኖረች፡፡ ከውበቷ ብዙ የቀረላት ዓመታት ነበሩ፤ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቦልዲኒ በ1916 ስሏታል፤ ቀራጺው ጄኮብ ኤፕስታይንም ቀርጿታል፡፡ ሆኖም ድሮ በውበቷ ይደነቁ የነበሩት ሰዎች አሁን አፍንጫዋን እያዩ ይንሾካሾኩ ጀመር፡፡

እዚህ ላይ ጥቂት ወደ ዘመናችን እንምጣ፡፡ ዛሬ ፊለር እየተባለ ከንፈር፣ ጉንጭና አፍንጫ ላይ የሚወጋው ነገር ሐሳቡ የገርሱኒ ልጅ ነው፤ ያለ ቀዶ ሕክምና የጎደለን መሙላት፡፡ በመካከሉ ሲሊኮን ተሞክሮ ብዙ ሰው አበላሽቷል፡፡ በ1981 ከከብት ቆዳ የሚገኝ ኮላጅን አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፡፡ አሁን በብዛት የሚሠራበት ሃያሉሮኒክ አሲድ የተባለው ሲሆን፣ በ1934 ካርል ሜየር ከከብት ዓይን ውስጥ ለይቶ ያወጣውና በራሳችን ቆዳ ውስጥም ያለ ነገር ነው፡፡ ለፊት መሙያነት የተሠራው ጄል በአውሮፓ ገበያ የዋለው በ1996፣ አሜሪካ የፈቀደችው በ2003 ነው፡፡ ከሰሙ የሚለይበት ትልቁ ነገር ሰውነት በወራት ወይም በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ እያሟሟ የሚጨርሰው መሆኑ ነው፡፡ ካላማረ ወይም ችግር ከፈጠረ ደግሞ ሃያሉሮኒዴዝ የተባለ ማሟሚያ አለው፡፡ ግላዲስ ያጣችው ይህን ነው፤ መመለሻ መንገድ፡፡

ይሁን እንጂ የደም ሥሩ ነገር አልተለወጠም፡፡ የአፍንጫና የቅንድብ መካከል የደም ሥሮች ከዓይን የደም ሥር ጋር ስለሚገናኙ፣ ግላዲስ የተወጋችበት ቦታ ዛሬም ሐኪሞች በጣም ከሚፈሯቸው የፊት ክፍሎች አንዱ ነው፡፡ ጄሉ የደም ሥር ውስጥ ከገባ ዓይን ይታወራል፣ ቆዳ ይሞታል፡፡ በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ፊለር የተፈቀደው ዕድሜያቸው 22 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ነው፡፡ ግላዲስም በተወጋች ጊዜ 22 ዓመቷ ነበር፡፡ ፈሳሽ ሲሊኮን ለውበት ብሎ ፊትንም ሆነ ሌላ አካልን መወጋትን ግን ባለሥልጣኑ አልፈቀደም፤ ሰዎች እንዳይሞክሩት ያስጠነቅቃል፡፡ ሲሊኮን እንደ ሰሙ ነው፤ አንዴ ከገባ ማሟሚያ የለውም፡፡

ወደ ግላዲስ እንመለስ፡፡ ብዙዎች ሕይወቷን ያበላሸው አፍንጫዋ ነው ብለው ይደመድማሉ፡፡ እኔ ይህ ግማሹ ብቻ ይመስለኛል፡፡ የማርልቦሮ መስፍን ያገባት ፊቷ ከተበላሸ በኋላ ነውና፡፡ መስፍኑና ኮንሱዌሎ በ1906 ተለያይተው በ1921 ተፋቱ፡፡ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ግላዲስና መስፍኑ ፓሪስ ውስጥ ተጋቡ፡፡ ሙሽራዋ 40 ዓመቷ ነበር፡፡ የኮንሱዌሎ ወዳጅ ሆና ቤተ መንግሥቱ ውስጥ እንግዳ የነበረችው ሴት እመቤቲቱ ሆነች፡፡

የተመኙትን ማግኘት ግን ሌላ፣ አብሮ መኖር ሌላ ሆነ፡፡ የአውሮፓን ሊቃውንት ስታጫውት የኖረች ሴት በገጠር ቤተ መንግሥት ከቀዝቃዛ ባል ጋር ተዘጋች፡፡ ልጅ አልወለዱም፡፡ ውሻ ማርባት ጀመረች፤ ውሾቹ በታላቁ አዳራሽ እንደ ልባቸው ይፈነጩ ነበር፡፡ አንድ ቀን ራት ላይ ሽጉጥ ከሳህኗ አጠገብ አስቀምጣ፣ አንዷ እንግዳ ለምን እንደሆነ ብትጠይቃት ምናልባት መስፍኑን እተኩስበት ይሆናል ብላ መለሰችላት፡፡ የአባቷን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀልድ ብቻ አይመስልም፡፡ መስፍኑ በ1931 ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም እሷን አስወጣት፡፡ በ1934 ሞተ፡፡ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የቀሩት ጣሪያው ላይ ያሉት ዓይኖቿና ከታች፣ በውኃ ገንዳዎቹ አጠገብ፣ የእሷን ፊት ይዘው በእርሳስ የተሠሩት ሁለት ስፊንክሶች ናቸው፡፡

ከዚያ በኋላ ሰው ሸሸች፡፡ ቻኮም በሚባል መንደር በአንድ የእርሻ ቤት ውስጥ ሚስስ ስፔንሰር በሚል ስም ከድመቶቿ ጋር ትኖር ጀመር፡፡ ጎረቤቶቿ የሚያውቋት የተጎሳቆለች አሮጊት አድርገው ነው፡፡ በ1943 ቺፕስ ቻነን የተባለው የፓርላማ አባል ለንደን ውስጥ ጌጣጌጥ ቤት ያገኛትና ማንነቷን ይጠረጥራል፡፡ አነጋገራት፤ እሷ ግን አፍጥጣ አይታው ጥላው ወጣች፡፡ እሱም ያን ምሽት አንድ ጊዜ የዓለም ቆንጆ ስትባል የነበረች ሴት ምን እንደመሰለች ማስታወሻው ላይ አሰፈረ፡፡

በ1962 ያለ ፈቃዷ ከቤቷ ተወስዳ ኖርዝሃምፕተን ከተማ በሚገኘው ቅዱስ እንድርያስ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ገባች፡፡ ያን ጊዜ 81 ዓመቷ ነበር፡፡ ዓለም ከሞተች ቆይቷል ብሎ ረስቷት ሳለ፣ የቻነንን ማስታወሻ በልጅነቱ ያነበበው ሁጎ ቪከርስ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ፈልጎ አገኛት፡፡ ከ1975 ጀምሮ 65 ጊዜ ያህል እየተመላለሰ ጎበኛት፡፡ ጆሮዋ ስለደከመ ጥያቄውን በወረቀት እየጻፈ ይሰጣት ነበር፤ እሷም ደስ ያላትን ትመልሳለች፣ ያላሰኛትን ታልፋለች፡፡ ያገኛት አእምሮዋ የሰላ፣ ቀልድ አዋቂ አሮጊት ነበረች፡፡ የሕይወት ታሪኳን መጽሐፍ በ1979 አሳተመ፡፡

እሷ ግን መጽሐፉን አላየችውም፡፡ ጥቅምት 13 ቀን 1977 በ96 ዓመቷ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ አረፈች፡፡ ሰሙም እስከዚያች ቀን ድረስ ፊቷ ውስጥ ነበር፡፡