አገሩን የሠራ ጎኑን አይመርጥም
የኤች. ጂ. ዌልስ ሕይወት ባጭሩ

ኤች. ጂ. ዌልስን አብዛኞቻችን የምናውቀው «የጊዜ መኪና» እና «የዓለማት ጦርነት» በተባሉት ልብ ወለዶቹ ነው። በትንንሽ የአሻንጉሊት ወታደሮች የጦርነት ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች ግን የሚያስታውሱት በ1913 ባሳተመው «ትንንሽ ጦርነቶች» በተባለ ቀጭን መጽሐፍ ነው። ማን ስንት ይራመዳል? ኮረብታውን ማን ያስቀምጣል? መድፉ መቼ ይነቃነቃል? ዌልስ እነዚህን ጥያቄዎች የመለሰበት መንገድ ስለ ሰውዬው ብዙ ይነግረናል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኸርበርት ጆርጅ ዌልስ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1866 ለንደን አጠገብ ብሮምሊ በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ የሸክላ ዕቃና የክሪኬት መጫወቻ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረችው። ሱቋ ቤተሰቡን አጥግባ ስለማታበላ ክሪኬት በመጫወት ገቢውን ይደጉም ነበር። ልጁ በሰባት ዓመቱ እግሩ ተሰብሮ አልጋ ላይ ዋለ፤ በዚያን ጊዜ አባቱ እያመጣ የሰጠው መጽሐፍ የንባብ ፍቅር አሳደረበት። በ1877 ደግሞ አባትየው ራሱ እግሩ ተሰበረና የክሪኬቱ ገቢ ቀረ። እናቱ ቀድሞ በአገልጋይነት ወደ ሠራችበት አፕፓርክ የተባለ የባለጸጋ ቤት ሄዳ የቤት ኃላፊ ሆነች። ልጁም ለጨርቅ ነጋዴ በተለማማጅነት ተሰጠ። ሥራውን አምርሮ ስለጠላው በ1883 እናቱን አስጨንቆ ለቀቀ።

በማግስቱ ዓመት ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ለንደን ገባ፤ የሥነ ሕይወት ትምህርትም ከታዋቂው ሳይንቲስት ከቶማስ ሃክስሊ ተማረ። ይሁን እንጂ በኋላ ከትምህርቱ እየራቀ ሄደና በ1887 ፈተና ወድቆ ያለ ዲግሪ ወጣ። በዚያው ዓመት መምህር ሆኖ ተቀጥሮ ሳለ እግር ኳስ ሜዳ ላይ ተመትቶ ኩላሊቱ ተጎዳ፤ ደምም ይተፋ ጀመር። ከሕመሙ ጋር እየታገለ ዳግመኛ አጥንቶ በ1890 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ በሥነ እንስሳት ተመረቀ። «የጊዜ መኪና» በ1895 ሲወጣ ስሙ ገነነ።

በአዲሱ ክፍለ ዘመን መባቻ ለጤናው ሲል በባሕር ዳርቻዋ ሳንድጌት ቤት ሠራ። ሁለት ወንዶች ልጆችም ወለደ። በ1903 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ በምሽግ የተማመነ ጦር ምሽግ ተሻጋሪ ብረት ለበስ መኪናዎች ሲመጡበት ድል ሲሆን አሳየ። እውነተኛው ታንክ ከጦር ሜዳ የዋለው ከዚያ 13 ዓመት በኋላ፣ በ1916 ነው። በውጊያ ውስጥ የማይታለፈውን መሬት ማለፍ የሚችል እንደሚያሸንፍ ዌልስ ቀድሞ ያስብ ነበር ማለት ነው።

ጨዋታው ግን የተጀመረው በቀልድ ነው። አንድ ወዳጁ ከምሳ በኋላ ወለሉ ላይ ከተበተነው የልጆች መጫወቻ መካከል ባለ ሞላ የአሻንጉሊት መድፍ አንስቶ በአንድ ወታደር ላይ አነጣጠረ፤ ከዚያ ፉክክር ተጀመረ። መጀመሪያ መከላከያ ሆነው የተደረደሩት ወፋፍራም የመዝገበ ዕውቀት ጥራዞች ነበሩ። ምንጣፉ ላይ ወታደር አልቆም አለ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥርም ጨዋታው ይፈርሳል። ከዚያ ከቤት ርቆ መንሸራሸር ከማይችል ሌላ ሕመምተኛ ወዳጁ ጋር ሆኖ ጨዋታውን አሻሻለው። ሳንቃ ኮረብታ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ጫካ፣ የእንጨት ጡብ ቤት፣ በጠመኔ የተሰመረው መስመር ደግሞ ወንዝ ሆነ። ይህን ሁሉ ባንድነት «አገር» ብሎ ጠራው።

ሕጎቹ አጫጭር ናቸው። እግረኛ በአንድ ተራ አንድ ጫማ፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራመዳል፤ ፈረሰኛ የዚያን እጥፍ። መድፍ በስድስት ኢንች ርቀት ውስጥ ቢያንስ አራት የወገን ሰዎች ከሌሉት አይነቃነቅም፣ አይተኩስምም። አራት ፈረሰኞች ካሉት ሁለት ጫማ ይሄዳል፤ ከዚያ ካነሱ አንድ ጫማ ብቻ። በአንድ ተራ ወይ ይንቀሳቀሳል ወይ ይተኩሳል እንጂ ሁለቱንም አያደርግም። ጊዜም ተወስኗል፤ ለ30 ሰው አንድ ደቂቃ፣ ለእያንዳንዱ መድፍ ሌላ አንድ ደቂቃ። ስለዚህ 110 ሰውና ሦስት መድፍ ላለው ሰባት ደቂቃ ይበቃዋል።

ዌልስ በጣም የተጠነቀቀው ለክርክር በር በሚከፍተው ቦታ ላይ ነው። ወታደርን በኮረብታና በቤት መካከል ባለ ስንጥቅ ወትፎ መደበቅ ክልክል ነው፤ በሰውና በዕቃ መካከል የኢንች አንድ አሥራ ስድስተኛ ክፍተት እንዲኖር ተጋጣሚ መጠየቅ ይችላል። መድፍ እንዲያመቸው ብሎ ዛፍ ማንሳት አይፈቀድም። ሳይታሰብ የተነካ ነገር ተራው ሲያልቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጨዋታውን የሚጫወት ሰው የሕጉ ቃል አሻሚ ሲሆንበት ሕጉ የትኛውን ጠብ ለማብረድ እንደተጻፈ ቢጠይቅ መልሱን ብዙ ጊዜ ያገኘዋል። ክፍተቱ ለምሳሌ የተደነገገው ማንም በጥይት በማይደረስበት ቀዳዳ ተሸጉጦ እንዳይጠቀም ነው።

ከሁሉ የሚልቀው ግን ስለ አገሩ የተጻፈው የመጀመሪያው ሕግ ነው። አገሩን የሚሠራው አንዱ ተጫዋች ነው፤ ካልተስማሙ በሳንቲም ዕጣ ይለያል። ከየትኛው ጎን እንደሚዋጋ የሚመርጠው ግን ሌላው ነው። ስለዚህ ሠሪው ጥሩውን ኮረብታ ሁሉ በአንድ ወገን ቢከምር ተጋጣሚው ያንኑ ወገን ይወስድበታል። ዳኛ ሳያስፈልግ፣ ማንም ደግ እንዲሆን ሳይለመን፣ ሠሪው ለራሱ ሲል ፍትሐዊ አገር ይሠራል።

መጽሐፉ ሲያበቃ ዌልስ ትንሹን ጦርነት የቀመሰ ሰው የትልቁን ጦርነት ድንብርብር እንደሚረዳ ተናግሮ ነበር። በዓመቱ ትልቁ ጦርነት መጣ። ዌልስም ጦርነትን ሁሉ የሚያጠፋ ጦርነት ነው ብሎ በብዕሩ ደገፈው፤ በ1918 ለጥቂት ወራት በመንግሥት የፕሮፓጋንዳ ሥራ ተቀጠረ። ተስፋው አልሠመረም። ቀሪ ዘመኑን ያዋለው መንግሥታትን ሁሉ የሚያስር ሕግ እንዲኖር በመወትወት ነው። ናዚዎች መጻሕፍቱን አቃጠሉ። በ1940፣ ሁለተኛው ጦርነት እየተፋፋመ ሳለ፣ ስለ ሰው ልጆች መብት የሚናገር ትንሽ መጽሐፍ አወጣ፤ በሰባዎቹ ዕድሜው መብቶቹን እያረቀ፣ እያከራከረ፣ እያረመ ነበር።

ኦገስት 13 ቀን 1946 ለንደን ውስጥ በ79 ዓመቱ ዐረፈ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶችን ዓለም አቀፍ መግለጫ ማርቀቅ ሲጀምር ከተሰበሰቡት ቀደምት ረቂቆች መካከል የእሱም ይገኝበት ነበር። መግለጫው ዲሴምበር 10 ቀን 1948 ሲጸድቅ ግን ዌልስ በሕይወት አልነበረም። በእንጨት ጡብና በጠመኔ የተፈተነችው ሕግ እስከ ዛሬም የወለል ጨዋታ ሕግ ብቻ ናት፤ በእውነተኛው ዓለም አገሩን የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ጎናቸውንም ራሳቸው ይመርጣሉ።