ሰር ጀምስ ላይትሂልና የጄት ሞተር ጩኸት

በጄት ሞተር የሚበር የመንገደኞች አውሮፕላን መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በ1952 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በዚያው ዓመት አንድ የ28 ዓመት እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ የዚህን ሞተር ጩኸት መነሻ የሚያስረዳ ጥናት በለንደኑ የሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ላይ አወጡ።

ጀምስ ላይትሂል በ1924 በፓሪስ ተወልደው የተማሩት በእንግሊዝ አገር ነው። በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ስለ አየር ፍሰት ተመራመሩ። በ1950፣ ገና በ26 ዓመታቸው፣ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የተግባራዊ ሒሳብ ፕሮፌሰር ሆኑ።

የሞተር ጩኸት ይቀነስ ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው እንደ መኪና ማርሚታ ያለ ማፈኛ ነው። ላይትሂል ግን የጄት ዋና ጩኸት የሚወለደው ጋዙ ከማውጫው ከወጣ በኋላ፣ ከውጭው አየር ጋር ሲደባለቅ በሚነሣው ሁከት መሆኑን በሒሳብ አሳዩ። ጋዙ ከድምፅ በዘገየ ፍጥነት ሲወጣ የድምፁ ኃይል በፍጥነቱ ስምንተኛ ርቢ ልክ ያድጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን የድምፁ ኃይል 256 ጊዜ ይበዛል፤ ይኸውም 24 ዴሲቤል ነው።

የዚህ ሕግ ጥቅም በቀላል ስሌት ይታያል። ገፊው ኃይል የሚያድገው በማውጫው ስፋትና በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው። ስለዚህ የጋዙ ጥግግት ሳይለወጥ ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀነስና ስፋቱ አራት እጥፍ ቢሆን፣ ገፊው ኃይል እንዳለ ሆኖ የድምፁ ኃይል ከ64 አንድ እጅ ብቻ ይሆናል።

በ1950ዎቹ የተሠሩት፣ አፋቸው እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ማውጫዎች ጩኸቱን በመጠኑ ቢያበርዱም ክብደት ጨመሩ፤ ከገፊውም ኃይል ቀነሱ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ነዳጅ ለመቆጠብ ጭምር ከታቀደው ባለ ሰፊ ማራገቢያ ሞተር ነው። በ1970 አገልግሎት በጀመረው የቦይንግ 747 ሞተር፣ በማቃጠያው ዙሪያ የሚያልፈው አየር በውስጡ ከሚያልፈው አምስት እጥፍ ያህል ነበር። የማራገቢያው ፉጨት ሌላ ሥራ ቢፈጥርም የጭስ ማውጫው ነጎድጓድ በእጅጉ ቀነሰ።

ላይትሂል ከ1959 እስከ 1964 የፋርንቦሮን የአውሮፕላን ምርምር ተቋም መሩ፤ ከ1969 እስከ 1979 በካምብሪጅ ኒውተን በያዙት የሒሳብ ወንበር ተቀመጡ፤ በ1971 የሰርነት ማዕረግ ተቀበሉ። በ1973 በዋና የዞሩትን የሳርክ ደሴት በ1998 እንደገና ሲዞሩ፣ በ74 ዓመታቸው ባሕር ላይ ዐረፉ። በእጃቸው አንድም ሞተር አልሠሩም፤ ሆኖም የጄት ማውጫ የሚነድፍ መሐንዲስ ድካሙን በየትኛው ቁጥር ላይ ማዋል እንዳለበት ዛሬም የሚያሳየው የእርሳቸው ስሌት ነው።