ጉስታቭ ሲሞንና የሚቀረው ኩላሊት

ጉስታቭ ሲሞን እ.ኤ.አ. በ1824 ዓ.ም. በጀርመን አገር፣ በዳርምሽታት ከተማ ተወለደ። በጊሰንና በሃይደልበርግ ሕክምና ተምሮ በ1848 ከተመረቀ በኋላ ለብዙ ዓመታት በጦር ሠራዊት ሐኪምነት አገለገለ። በዚያው ዘመን ወደ ፓሪስ ተሻግሮ በወሊድ ሳቢያ የሚደርሰውን ፊስቱላ የመጠገን ጥበብ ቀሰመ፤ ከሙያ ዘመኑም ከፍ ያለውን ድርሻ ለዚሁ ሰጠ። ከአዲ አርቃይ ተነሥታ የሊማሊሞን ዳገት በመውጣት ሕክምና ፍለጋ ጎንደር የምትደርስ እናት የምትሠቃይበት ሕመም፣ በ1974 በአዲስ አበባ ሆስፒታል የተከፈተለትም ሕመም ይኸው ነው።

ሲሞን በሃይደልበርግ ፕሮፌሰር ሳለ አንዲት የ46 ዓመት ሴት ወደ እርሱ መጣች። ቀደም ብሎ በተደረገላት ቀዶ ሕክምና ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቧንቧ ተጎድቶ ሽንቷ ያለማቋረጥ ይፈስ ነበር። ቀዳዳውን ለመድፈን የተደረገው ተደጋጋሚ ሙከራ ሁሉ ስላልሠመረ፣ የቀረው መንገድ በዚያ ወገን ያለውን ኩላሊት ማውጣት ብቻ ሆነ። ይሁን እንጂ ሁለተኛው ኩላሊት የሁለቱን ሸክም ብቻውን መቻሉ በሰው ላይ ገና አልተረጋገጠም ነበር። ስለዚህ ሲሞን አስቀድሞ በውሾች ላይ መረመረ፤ አንዱ ሲወገድ የቀረው እየገዘፈ የሁለቱንም ሥራ እንደሚሸፍን ተገነዘበ። ከዚህ በኋላ ኦገስት 2 ቀን 1869 ሴትዮዋን በክሎሮፎርም አደንዝዞ ኩላሊቱን አወጣ፤ እርስዋም ዳነች። በ1871 ቀዶ ሕክምና ያደረገለት የሁለተኛው ታማሚ ሕይወት ግን አልተረፈም። ሲሞን በ1876 በ52 ዓመቱ አረፈ።

ከመቁረጥ በፊት የሚቀረውን መመርመር የሚለው ሥርዓቱ ግን ዛሬም ይሠራል። የኩላሊት ካንሰር በተስፋፋ ጊዜ፣ ዕጢው አዲስ የደም ሥር እንዳያበጅ የሚከለክሉ እንደ ሱኒቲኒብ ያሉ መድኃኒቶች ለአንዳንድ ታማሚዎች ከቀዶ ሕክምና በፊት ይሰጣሉ። ዕጢው ከኮማተረ ጤናማውን የኩላሊት ክፍል ማትረፍ ይቻል ይሆናል፤ በሽታው መድኃኒቱን አልፎ ከገሠገሠ ደግሞ ታማሚው ከማይጠቅመው ቢላዋ ይድናል። በ2018 የታተመና 450 ታማሚዎችን ያቀፈ ፈረንሣዮች የመሩት ጥናት፣ ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል በተሠራጨባቸው ሰዎች ላይ ሱኒቲኒብ ብቻውን ያስገኘው ውጤት ኩላሊት ከማውጣት ጋር ተዳምሮ ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል።

የኩላሊት እጥበት ከደጁ ለሚርቅበት የአዲ አርቃይ ገበሬ፣ ከሚወጣው ኩላሊት ይልቅ የሚቀረው ይከብዳል። ሲሞን ቢላዋ ከማንሣቱ በፊት የመዘነውም ይህንኑ ነበር።